የእድራችን ፒክአፕና የለቡ ጭቃ

ልጄ ባለፈው ወር ደውሎ ፒክአፕ ሊገዛ መሆኑን ነገረኝ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ «ፎር ዊል ናት፣ አባዬ» አለኝ፤ ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ። ቤቱ ለቡ ነው፣ ሥራው ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ ነው፣ በመሐል ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። የት ልትሄድባት ነው ብዬ ብጠይቀው «አይታወቅም እኮ» አለኝ። ይህችን «አይታወቅም እኮ» በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስሰማ ኖሬአለሁ። ይታወቃል። ሰው የሚሄድበትን መንገድ ያውቀዋል፤ ወርዶ ማየት ስለማይፈልግ ነው እንጂ።

ጋራዤን ከዘጋሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጉልበቴ ከመኪና ሥር መግባት እምቢ አለ። ጥያቄው ግን እምቢ አላለም። መካኒሳ አቦ ከቅዳሴ ስወጣ አንዱ ክንዴን ይዞ ያቆመኛል። «ጋሽ ጌታነህ፣ ፎር ዊል ልግዛ ወይስ ተራው ይበቃኛል?» ይለኛል። ስለ ጤናዬ የሚጠይቀኝ የለም። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው የተነሣሁት። ስጽፈው ግን የሌላውን ሰው ስንፍና ብቻ እየቆጠርኩ መሄድ አልችልም፤ በዚህ ጉዳይ ትልቁን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሙያዬን ያገኘሁት የሌላውን እጅ በማየት፣ በኋላም የፋብሪካ መመሪያዎችን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ በማንበብ ነው። አንድ ገጽ ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ አለ። እንዲህ በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል ያወጣል፤ በስንት መከራ ያገኛትን እውቀት ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ልጆቼ ይህንን አመሌን ገና በልጅነታቸው ያውቁት ነበር። እኔ ለማወቅ ዘገየሁ።

የመንግሥት ለውጡ በሆነ በዓመቱ ግድም ንፋስ ስልክ ወደሚገኝ አንድ የመሥሪያ ቤት ጋራዥ ተዛወርኩ። የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ሙላት ይባሉ ነበር። ቀጭን፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የሚሰፋቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። በቢሯቸው በር ጀርባ አንዲት ከክንድ ትንሽ የምትረዝም ፌሮ ብረት ቆማ ትታያለች። በየአራት ጣቱ በሞረድ ምልክት አድርገውባታል፤ ሦስት ምልክት። ሰው መጥቶ ምን ዓይነት መኪና ልግዛ ሲላቸው እዚያው በአፋቸው አይመልሱም። «መንገድህ የት ነው?» ይሉና ፌሮዋን ይዘው አብረው ይሄዳሉ። ሰውየው በበጋ ከመጣ «ሐምሌ ላይ ና» ብለው ይሸኙታል። በዚህ ምክንያት የተቀየሟቸው ብዙ ናቸው።

መንገዱን በእግራቸው ነው የሚያዩት፤ መኪና ውስጥ ተቀምጠው አያዩም። ጎማ የሚረግጥበትን መስመር ይመርጡና ፌሮዋን ቀጥ አድርገው አቁመው በአንድ መዳፍ ብቻ ይጫኗታል። በሁለት እጅ መጫን ራስን ማታለል ነው ይሉ ነበር። ከጫኑ በኋላ ወዲያው አያዩዋትም፤ እጃቸውን አንሥተው ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ይመለከታሉ። ከመጀመሪያው ምልክት ካላለፈች ተራ ፒክአፕ ይበቃል። ሁለተኛው ላይ ከደረሰች ፎር ዊል። ከሦስተኛው ካለፈች «በቅሎ ግዛ» ይሉና ብረቷን በሣር ጠርገው ይመለሳሉ። ሰው የሚቀልዱ ይመስለው ነበር። አይቀልዱም። አብሬያቸው ሁለት ክረምት ዞሬአለሁ፤ አንድም ቀን ሲቀልዱ አላየሁም።

የመሥሪያ ቤታችን የመምሪያ ኃላፊ ግን ጋሽ ሙላትን ጠይቀው አያውቁም። አንድ ቀን ሰባት ፒክአፕ በአንድ ጊዜ መጡልን፤ ሁሉም ፎር ዊል። ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ «ለመሥሪያ ቤቱ ክብር» ተባልን። ዓመት ሳይሞላ ከገጠር የሚመለሱ ሾፌሮች ማማረር ጀመሩ፤ «ፎር ዊሉ አይሠራም፣ ጭቃ ላይ ይተወናል» አሉ። አንዱን ፈትቼ መረመርኩት። ምንም የለውም። ሁለተኛውን ፈታሁ። እሱም ደህና ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ተራ ፒክአፕ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች ብቻ ነው የሚሰጠው። ፎር ዊል ለፊቶቹም ያካፍላል። የዚያን ጊዜዎቹ መኪኖች ላይ ግን ከካምቢዮው አጠገብ ያለችውን አጭር ማንሻ መሳብ ብቻውን አይበቃም። ወርደህ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለችውን ክብ መቆለፊያ በእጅህ ማዞር አለብህ። ካላዞርካት የፊት ጎማው ዝም ብሎ ይከተላል እንጂ አይጎትትም። ሰባቱንም መኪኖች አየሁ። የስድስቱ መቆለፊያ ከፋብሪካ እንደ መጣ አንድም ቀን ሳይዞር ዝጎ ደርቋል። አንዱን ሾፌር ጠርቼ ለምን እንደማያዞራት ጠየቅሁት።

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ ጋሼ። ጭቃ ውስጥ የሚወርደው ረዳት ነው» አለኝ።

«ረዳት አለህ?»

«ፒክአፕ ምን ረዳት አለው?» አለኝ፤ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ይህንን ሁሉ ጽፌ ለኃላፊው አቀረብኩ። አንብበው «እንግዲያው ችግሩ የመኪናው አይደለም ማለት ነው» አሉና ሦስት ጨመሩ። ያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፤ ተበሳጭቼ።

ከዚያ የሠራተኛ ቅነሳው መጣ። ጋሽ ሙላት በጡረታ ተገለሉ፣ እኔ ተቀነስኩ። ስንለያይ ፌሮዋን ሰጡኝ፤ ሌላ የሚሰጡት ዕቃ አልነበራቸውም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ መካኒሳ አቦ አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ከፈትኩ፤ ፌሮዋንም እንደሳቸው በር ጀርባ አቆምኳት። ደንበኛ ሲመጣ እያየኝ አነሣታለሁ። ሰውም «የጋሽ ሙላት ተማሪ» ይለኝ ጀመር። ይህ ስም ከሚገባው በላይ ጣፈጠኝ።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። አብዛኛው አባል መካኒሳ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ነበር። ከወንዙ ማዶ ግን፣ ያኔ ገና እርሻ በነበረው በለቡ በኩል፣ ሃያ የሚሆኑ የገበሬ ቤተሰቦች የእኛው አባል ነበሩ። ወተትና ሣር እየሸጡ፣ ጤፍ እየዘሩ የሚኖሩ፣ ከሁላችንም በፊት በዚያ መሬት ላይ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ወርሃዊውን እኩል ይከፍላሉ፣ የእኛን ሬሳ እኩል ይሸኛሉ። እነሱ ላይ ሐዘን ሲደርስ ግን ድንኳኑ በአህያ ይጓዝና ግማሹ ለቅሶ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። አስከሬናቸውን እስከ አቦ ድረስ በትከሻ ነው የሚያመጡት። ይህ አሳፈረንና እድሩ ፒክአፕ ይግዛ ተባለ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ መኪናዋ በክረምት ማዶ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም? ካልደረሰች እነዚያ ሰዎች ለእኛ መኪና እየከፈሉ በጭቃ ሊቀሩ ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ሽፈራው ነበሩ፤ ክራቫት ሳያስሩ ከቤት የማይወጡ፣ የቀድሞ የቢሮ ሰው። በስብሰባው ላይ ተነሥተው ባለ ሁለት ጋቢና ፎር ዊል እንድንገዛ አሳሰቡ። ምክንያታቸው የጎረቤት እድር አንድ መግዛቱ ነበር። «እኛ ከማን እናንሳለን?» አሉ። ስለ ማዶ መንገድ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ደሜ ፈላ። የመምሪያ ኃላፊው ክራቫት አድርገው የመጡ መሰለኝ።

ተነሥቼ «አቶ ሽፈራው፣ ቀብር ነው የምንሄደው፤ አደን አይደለም» አልኩ። ቤቱ ሳቀ። ሳቁ ልቤን ሞላው።

ያን ጊዜ ከማዶ የመጡት ኦቦ ደበላ ተነሡ። ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ገበሬ ናቸው። «እኛ ጋ አፈሩ ኮቲቻ ነው» አሉ። «ጥቁር አፈር። ሐምሌ ላይ ኑና እዩት። ከዚያ የፈለጋችሁትን ግዙ።»

እዚህ ላይ ነው የማፍርበት። ሰውየው ጋሽ ሙላት የሚሉትን ነው፣ ቃል በቃል ያሉት። እኔ ግን የሰማኋቸው ሙያዬ ውስጥ እንደ ገባብኝ ገበሬ አድርጌ ነው። አንዲት ተራ ፒክአፕ የሚሸጥልን ሰው ከፋሲካ በፊት ወስኑ ብሎናል፤ ሐምሌ ድረስ ቢቆይ አቶ ሽፈራው እንደሚያሸንፉ ደግሞ አውቄአለሁ። ስለዚህ ስለ ክብደት ማስረዳት ጀመርኩ። ተራ ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ነው፣ ለዚህ ነው የሚንሸራተተው፤ ሁለት ጆንያ አሸዋ ከኋላ ጎማው በላይ ቢጫን መሬት ይይዛል፣ አለቀ። ይህ እውነት ነው። በጠጠር መንገድና በሣር ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኦቦ ደበላ ቆመው አዳመጡኝና «አሸዋ» ብለው ብቻ ተቀመጡ።

ለማንኛውም ብዬ በጥር ፌሮዋን ይዤ ማዶ ተሻገርኩ። ሁሉንም እንደ ጋሽ ሙላት አደረግሁ። በእግሬ ሄድኩ። የጎማውን መስመር መረጥኩ። በአንድ መዳፍ ተጫንኩ፣ እጄን አንሥቼ ቆየሁ። ፌሮዋ አልገባችም፤ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ኦቦ ደበላ ከአጥራቸው ሥር ሆነው ያዩኝ ነበር።

«በጥር ምን ትፈልጋለህ? ወርቅ?» አሉኝ።

«መንገዱን እየለካሁ ነው።»

«እሱማ አሁን እንቅልፍ ላይ ነው» አሉና ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ።

የሠራሁት ሥራ ይህ ነው። የመምህሬን እጅ ቀዳሁና ወሩን ተውኩ። ፌሮዋን የያዝኩት ለማወቅ አልነበረም፤ አቶ ሽፈራውን ለማሸነፍ ነበር። አሸነፍኩም። ተራዋ፣ ነጠላ ጋቢናዋ ተገዛች። ቀሪው ገንዘብ አዲስ ድንኳን አወጣ፤ ሰውም መረቀኝ።

ሐምሌ እኩሌታ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። የኦቦ ደበላ እናት አርፈው ነበር። ድንኳኑንና ወንበሩን ጭነን፣ ሁለቱን የአሸዋ ጆንያዎች በእጄ አስተካክዬ፣ ከሾፌራችን ከአስራት አጠገብ ጋቢና ገባሁ። አስራት ደህና ልጅ ነበር፤ እኔ ያልኩትን የሚያደርግ። ጠጠሩን መንገድ በቀላሉ ወጣነው። ወንዙንም ተሻገርን። «አየህ፣ ያዘች» አልኩት።

ከወንዙ በኋላ ጥቁሩ አፈር ጀመረ። ጎማው መጀመሪያ ጭቃውን ለበሰ። ጥርሱ ሁሉ ተሞልቶ እንደ ተለቀለቀ ግድግዳ ለሰለሰ። አስራት ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው በቦታው ይዞራል፣ መኪናዋ ወደ ታች ትሄዳለች። በጠጠር ላይ መሬት ያስያዘን አሸዋ እዚህ ላይ ሸክም ሆኖ ኋላዋን ቁልቁል ጫናት። ጎኗን አዙራ መንገዱን እንደ ዘጋች በኋላ ጎማዎቿ መሐል ያለው ዲፍረንሻሏ አፈር ነክቶ ተቀመጠች። የለቅሶው ቤት ከፊታችን ይታያል፤ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ሰዎች ከለቅሶው ቤት ወጥተው መጡ። ኦቦ ደበላ አብረዋቸው ነበሩ። በወጋችን ሐዘንተኛ ይደገፋል እንጂ መኪና አይገፋም። ማንም ግን ሊያስቆማቸው አልቻለም፤ ነጠላቸውን እንዳገለደሙ ትከሻቸውን ከኋላ በሩ ላይ አሳረፉ። እኔ ከጎን ቆሜ «አሁን!» ብዬ ጮህኩ። አስራት ነዳጅ ሰጠ። የኋላው ጎማ ዞረና ጭቃውን ሁሉ አንሥቶ በኦቦ ደበላ ላይ ደፋው። ከደረታቸው እስከ ግንባራቸው ጥቁር ሆኑ። የእናታቸው ቀብር ቀን ነበር።

አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «አሸዋው የበዛ ይመስለኛል፣ ጌታነህ» አሉኝ። ወደ ሰዎቻቸው ዞረው ደግሞ «ተዉት። እናቴን እኛ እንወስዳታለን» አሉ።

አስከሬኑን በቃሬዛ ይዘው መጡ። የማዶ ሰዎች በክረምት የሚሄዱበት፣ ከአጥሩ ሥር ሣር የያዘ አንድ የእግር መንገድ ነበራቸው። እሱን የዘጋችው የእኛ መኪና ናት። ስለዚህ በታረሰው ማሳ ውስጥ መዞር ግድ ሆነባቸው። ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ቃሬዛው አንድ ጊዜ ወደ ጎን አዘነበለ፤ የሴቶቹ ለቅሶ በዚያች ቅጽበት ወደ ጩኸት ተለወጠ። ቀጥ አድርገው ያዙትና አለፉ። መኪናችን ጨርሶ ባትመጣ ኖሮ በደህና ይወጡ ነበር። ይህንን ያሰብኩት እዚያው ቆሜ፣ እጄ የጋቢናውን በር እንደያዘ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰበብ ፈልጌለታለሁ፤ አላገኘሁም።

አቦ ሲደርሱ ካህናቱ ብዙ ጠብቀዋል። ከእድሩ ሰው ግማሹ ወደ ሥራው ተመልሷል። መኪናዋን በማግስቱ የኦቦ ደበላ ጎረቤቶች በበሬ ጎትተው አወጡልን። በሐዘናቸው ማግስት፣ በበሬዎቻቸው።

በቀጣዩ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሽፈራው «እኔ ብዬ ነበር» በማለት ጀመሩ። ተነሥቼ የራሴን ጥፋት ተናገርኩ። ኦቦ ደበላ ትክክል ነበሩ፤ በጥር ለክቼ በሐምሌ ላይ ፈረድኩ፤ አሸዋውን ያስጫንኩት እኔ ነኝ፤ አስራት ላይ ማንም እንዳይፈርድ አልኩ። ከዚያ ወደ ኦቦ ደበላ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ።

«አንተን ይቅር ብያለሁ» አሉ። «እድሩን ግን እንሰናበት። እኛ መኪና አልጠየቅንም፤ እናንተ ናችሁ ያላችሁት። እኛ ሐምሌ ላይ ኑ ነው ያልነው። መጥቶ ለማየት ያልፈቀደ ሰው መጥቶ አይቀብረንም።»

አቶ ሽፈራው ፎር ዊል ወዲያው እንደሚገዛ ቃል ገቡላቸው። ሽማግሌ ተላከ። ኦቦ ደበላ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው በክብር መለሱ። የማዶ ቤተሰቦች በሙሉ ስማቸውን አስወጥተው የራሳቸውን እድር አቋቋሙ፤ ድንኳን ያለው፣ መኪና የሌለው፣ ጎልማሶቹ በተራ የሚሸከሙበት።

የእኛ እድር ግን ፎር ዊሉን ገዛ። ቃል ተገብቷል ተባለ። ባለ ሁለት ጋቢና፣ አቶ ሽፈራው የመረጧት፣ ነጭ። ተራዋ ተሸጠች። አዲሷ መኪና በመጣች ቀን ሰዉ ዙሪያዋን እየዞረ ሲያደንቃት አንድ ነገር ብቻ ሳስብ ነበር። የገዛናት ለማዶ ጭቃ ነው፤ ማዶ ግን ከእንግዲህ የእኛ አባል የለም። ከመካኒሳ እስከ አቦ ባለው አስፋልት ላይ ዕድሜዋን ጨረሰች። ጭቃ የነካት ስትታጠብ ብቻ ነው። ይህንን ለሰው ስናገር ይስቃል። እኔ እስካሁን ድረስ ያቃጥለኛል፤ ምክንያቱም ሁለቱንም መኪና ያስገዛ የእኔ አፍ ነው።

በዓመቱ ሰኔ ላይ በእግሬ ማዶ ተሻግሬ ኦቦ ደበላን ቤታቸው አገኘኋቸው። እድራችሁ ውስጥ አስገቡኝ አልኳቸው።

«ምን ልትሠራልን?» አሉኝ። «የምትጠግነው መኪና የለንም።»

«እሸከማለሁ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «በጥር ነው በሐምሌ?»

«በጠራችሁኝ ጊዜ።»

ሳቅ ያሉ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። «እንግዲህ ጥሩምባው እናንተ ጋ አይሰማም። ሰው እንልካለን» አሉ።

ነሐሴ ላይ ላኩብኝ። ያረፉት ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከቃሬዛው ኋላ በግራ በኩል መደቡኝ፤ ከፊቴ አንድ ወጣት፣ በቀኜ ኦቦ ደበላ። ከአጥሩ ሥር ያለችውን መንገድ ይዘን ወጣን። ሣሩ ባለቀበት ቦታ ላይ ቀኝ ጫማዬን ጭቃው ያዘብኝ። ስስብ እግሬ ብቻውን ወጣ። አጎንብሼ ላወጣው አልኩና ትከሻዬ ላይ ያለው ክብደት ትዝ አለኝ። ኦቦ ደበላ አይተውኛል፤ እርምጃቸውን ግን አላዘገዩም። እኔም አላዘገየሁም። በአንድ ጫማ እስከ አቦ ደረስኩ።